የማሳጅ ላይሰንስ፦ የቨርጂኒያው 500 ሰዓት ወይስ የሜሪላንዱ 750?

ማሳጅ ሥራዬ መሆኑን ያወቀ ሐበሻ ሁሉ መጀመሪያ ትከሻውን ያሳየኛል። ቀጥሎ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነው። «እኔም መማር ፈልጌ ነበር፤ የት ይሻላል? ቨርጂኒያ ርካሽ ነው አሉኝ።» ሰርግ ላይ ተጠይቄያለሁ። ለቅሶ ቤት ሳይቀር ተጠይቄያለሁ። እስቲ አንዴ በደንብ ልጻፈው።

መልሴ አጭር ነው፤ 750 ሰዓት ተማሩ። ቤታችሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ቢሆንም 750 ተማሩ። «ቨርጂኒያ ርካሽ ነው» የሚለው ወሬ ሂሳቡን መሀል ላይ ትቶ ከተነሳ ሰው የመጣ ነው።

አሜሪካ ውስጥ የማሳጅ ላይሰንስ የሚሰጠው ስቴቱ ነው፤ የፌዴራል መንግሥት እጁን አያስገባም። ስለዚህ የዊልሰንን ድልድይ ተሻግሮ ከቨርጂኒያ ሜሪላንድ መግባት ለመኪና ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ለላይሰንስ ግን ሌላ አገር መሄድ ማለት ነው። ቨርጂኒያ 500 ሰዓት ትምህርት ትጠይቃለች። ዲሲም 500 ነው። ሜሪላንድ 750። ከሜሪላንድ በስተሰሜን ያለችው ፔንሲልቬኒያ 600። 750 የተማረ ሰው አራቱም ዘንድ የሰዓት ችግር የለበትም። 500 የተማረ ሁለቱ ዘንድ በር ይዘጋበታል። ከተዘጉት አንዷ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት ስቴት ናት፤ ስንቱ ወገናችን እዚያ እንደሚኖር ለእናንተ አልነግራችሁም።

አሁን ወደ ገንዘቡ።

ሰው ዋጋ ሲጠይቀኝ በሐሳቡ ያለው የማመልከቻ ክፍያ ነው። እሱ ትንሹ ነገር ነው። ቨርጂኒያ ለማመልከቻ 140 ዶላር ትወስዳለች (እዚያ ላይሰንሱን የሚሰጠው የነርሶች ቦርድ ነው፤ ስልክ ስትደውሉ ግር እንዳይላችሁ)። ኤምብሌክስ የሚባለው የማሳጅ ላይሰንስ ፈተና የትም ብትሆኑ 265 ዶላር ነው። የጣት አሻራ አለ። ሥራ ስትጀምሩ ኢንሹራንስ አለ፤ በዓመት ከ200 ዶላር ከፍ ይላል። ይሄ ሁሉ ተደምሮ ሺህ ዶላር አይሞላም። ትልቁን ገንዘብ የሚበላው ትምህርት ቤቱ ነው።

ምሳሌ እንያዝ። አንዱ ትምህርት ቤት 500 ሰዓት በ9,000 ዶላር ያስተምራል እንበል። ሌላው 750 ሰዓት በ12,000። ሁሉም ሰው 9,000ን አይቶ ይሮጣል። በሰዓት ሲካፈል ግን የመጀመሪያው 18 ዶላር፣ ሁለተኛው 16 ዶላር ነው። ይሄም ገና ዋናው ነገር አይደለም።

ዋናው ነገር ፔል ግራንት ነው። መንግሥት ገቢው ዝቅ ላለ ተማሪ የሚሰጠው፣ የማይመለስ ገንዘብ። ሕጉ የቆየ መስፈርት አለው፤ ትምህርቱ ቢያንስ 600 ሰዓትና 15 ሳምንት መሆን አለበት። 500 ሰዓት ከዚህ በታች ነው። ቢበዛ ብድር ነው የሚገኘው፤ ብድር ደግሞ ይከፈላል። 750 ሰዓቱ ግን መስፈርቱን ያልፋል። የ2025–26 ትልቁ ፔል 7,395 ዶላር ነው። የሚሰላው በ900 ሰዓት የትምህርት ዓመት ስለሆነ ለ750 ሰዓት ሙሉ ፔል የሚደርሰው ሰው እስከ 6,160 ዶላር ገደማ ያገኛል፤ ትምህርቱ የሚፈጀው ሳምንት አንሶ ስሌቱን ካልቀነሰበት። ከ12,000 ላይ ቀንሱት። 5,840 ይቀራል። «ውድ» የተባለው ትምህርት ቤት «ርካሽ» ከተባለው በ3,000 ዶላር ረከሰ።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ትምህርት ቤቱ አክሬዲትድ (ዕውቅና ያለው) መሆንና የፌዴራል እርዳታ መቀበል አለበት፤ ሁሉም አይቀበልም። ከመመዝገባችሁ በፊት «ፋፍሳ ትቀበላላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ፋፍሳ የፌዴራል የትምህርት እርዳታ የሚጠየቅበት ፎርም ነው። ገቢያችሁም ይታያል፤ ቀን ሥራ፣ ማታ ኡበር የሚነዳ ሰው የሚደርሰው ሊያንስ ይችላል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ማመልከት ይችላል፤ በዲቪ የመጣ ሁሉ ማለት ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅንም አትርሱ። ሜሪላንድ ውስጥ ማሳጅ የሚያስተምሩ አሉ፤ ለካውንቲው ነዋሪ ክፍያው ከግል ትምህርት ቤት በጣም ያነሰ ነው።

በ2025 የወጣው ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአጫጭር ትምህርቶችም ፔል ፈቅዷል። ይሄን ይዞ የሚከራከረኝ ሰው አለ። ሕጉ አለ፤ ግን እያንዳንዱን ትምህርት ስቴቱ ማጽደቅ ይኖርበታል፣ ሌላም ብዙ መስፈርት አለው። ትምህርት ቤቱ «ጸድቆልናል» ብሎ በጽሑፍ ካልሰጣችሁ፣ የለም ብላችሁ አስሉ።

አንዲት የማውቃት እህት አለች፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። ቨርጂኒያ 500 ሰዓት ተማረች፤ ከኪሷ ከፍላ። ፈተናውን በአንዴ አለፈች፤ ጎበዝ ናት። ከዚያ ቤቴስዳ፣ ከቤቷ አሥራ አምስት ደቂቃ የማይርቅ ቦታ ሥራ ተገኘላት። የሜሪላንድ ላይሰንስ ስትጠይቅ 250 ሰዓት ይጎድልሻል ተባለች። ለሰው ቀላል ይመስለዋል፤ 250 ሰዓት ከፍሎ መማር ነው እንጂ ምን ችግር አለው ይላል። ማን ይሽጥላት! የደወለችላቸው ትምህርት ቤቶች ሰዓት ቆርጠው አይሸጡም። አንዱ የሌላ ትምህርት ቤት ሰዓት አንቀበልም አለ። ሌላው የተወሰነውን ተቀብሎ የቀረውን ከመጀመሪያ ጀምሪ አላት። አሁን በየቀኑ በቤልትዌይ ትራፊክ ቨርጂኒያ፣ ታይሰንስ ድረስ ትነዳለች። ቤንዚኑን ደምሩት። ሰዓቱን ደምሩት። እኔ ደምሬዋለሁ፤ ከትምህርት ቤቱ ልዩነት በልጧል።

ጎደሎ ሰዓት በኋላ መሙላት ከሁሉም ውድ ጥገና ነው። ትራንስክሪፕት፣ ማለትም የተማራችሁትን የሚያሳየው የትምህርት ቤቱ መዝገብ፣ ሲጠፋ ደግሞ ይብሳል። ትምህርት ቤት ይዘጋል። ኤቨረስት የሚባሉትን ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድረው ኮሪንቲያን በ2015 በአንድ ጊዜ ሲዘጋ ማሳጅ ይማሩ የነበሩም ሜዳ ላይ ቀርተዋል። ስለዚህ በተመረቃችሁ ሰሞን የታሸገ ትራንስክሪፕት ሁለት ሦስት ኮፒ አውጥታችሁ አስቀምጡ። ትራንስክሪፕቱ አናቶሚ ይህን ያህል፣ ፓቶሎጂ ይህን ያህል፣ ተግባር ይህን ያህል ብሎ ሰዓቱን በየትምህርቱ የሚዘረዝር ይሁን። «500 ሰዓት አጠናቋል» ብቻ የሚል ወረቀት ሌላ ስቴት ስትሄዱ ራስ ምታት ነው።

ፎርጅድ ትራንስክሪፕት ላይ ልቆይ፤ ምክንያቱም በኛ ሰው መካከልም መዞር ጀምሯል። «ክላስ መምጣት አያስፈልግም፣ ትራንስክሪፕት እናዘጋጃለን» የሚል አለ። «በ6 ሳምንት 500 ሰዓት» የሚልም አለ። አካፍሉት እስቲ፤ በሳምንት 83 ሰዓት ነው። ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ በቀን 12 ሰዓት። ማን ነው እንዲህ የሚማረው? በሳምንት 20 ሰዓት የሚማር ሰው 500ን ለመጨረስ 25 ሳምንት፣ 750ን ለመጨረስ 37 ሳምንት ተኩል ይፈጅበታል። ከዚህ በጣም ያነሰ ጊዜ የሚነግራችሁ የሚሸጠው ወረቀት ነው።

የስቴት ቦርዶች ይህን ጨዋታ ያውቁታል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሰርተፍኬት የሚሰጠው ምክር ቤት ብዙ ትምህርት ቤቶችን አልቀበልም ብሎ ከዝርዝሩ ያስወጣው በዚህ ዓይነት ነገር ነው። ስቴቶቹ የቅጣት መረጃ የሚለዋወጡበት የጋራ ቋት አላቸው፤ አንድ ቦታ የተበላሸ ስም ተከትሏችሁ ይሄዳል። ዜግነት ያላገኘ ሰው ደግሞ የሚያስይዘው ላይሰንሱን ብቻ አይደለም። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የሐሰት ሰነድ ማቅረብ ከኢሚግሬሽን ጋር የሚያጣላ ነገር ነው። ሁለት ሺህ ዶላር አተርፋለሁ ብላችሁ እዚህ ውስጥ አትግቡ።

ስለ አገር ቤት ሰርተፍኬትም ይጠይቁኛል። አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ስፓ ውስጥ የሠራችሁ እጃችሁ ይጠቅማችኋል፤ ክፍል ውስጥ ከሁሉም ትቀድማላችሁ። ወረቀቱ ብቻውን ግን ላይሰንስ አያሰጥም። አያቱ ወጌሻ የነበሩ አንድ ወዳጄም ይሄን ሲሰማ በጣም ተናዶ ነበር። እውነቱን ነው፤ ግን ቦርዱ ሰዓት ነው የሚቆጥረው።

ሜሪላንድን ስትጠይቁ ኤልኤምቲ (ላይሰንስ ያለው የማሳጅ ቴራፒስት) እና አርኤምፒ (የተመዘገበ የማሳጅ ባለሙያ) የሚሉ ሁለት ስሞች ትሰማላችሁ። አርኤምፒ ያለው ሰው የሕክምና ቦታ ላይ መሥራት አይችልም። ካይሮፕራክተር (የአከርካሪ አጥንት ባለሙያ) ቢሮ ወይም ክሊኒክ የምታስቡ ከሆነ የምትፈልጉት ኤልኤምቲን ነው። ላይሰንሱን በየሁለት ዓመቱ ለማሳደስ የሚጠየቀው ተከታታይ ትምህርት ቨርጂኒያም ሜሪላንድም ተቀራራቢ ነው። በዚህ አትምረጡ።

ፈተናው ለሁለቱም ያው ኤምብሌክስ ነው። 100 ጥያቄ፣ 110 ደቂቃ። የሚሰጠው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው፤ አማርኛ የለም። መልስ ከሰጣችሁ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ ማረም አይቻልም፣ ዘሎ ማለፍም አይቻልም። አገር ቤት «የከበደህን እለፈው» ተብለን ላደግን ሰዎች ይሄ ያስደነግጣል። ከወደቃችሁ 30 ቀን ትጠብቁና 265 ዶላሩን እንደገና ትከፍላላችሁ። የአጥንትና የጡንቻ ስም የላቲን ስለሆነ ለአሜሪካኑም አዲስ ነው፤ እሱ ላይ እኩል ናችሁ። የሚጥለን የበሽታ ታሪክ ተሰጥቶ «ማሳጅ ይደረግለት ወይስ ሐኪም ዘንድ ይላክ?» የሚለው ረጅም ጥያቄ ነው። እዚህም 750 ሰዓት የተማረ ሰው ይሻላል፤ ከእንግሊዝኛው ጋር የሚለማመድበት ጊዜ አግኝቷል።

ለቨርጂኒያ የሚከራከር ሰው አንድ ጥሩ ነጥብ አለው። ስቴቶች ላይሰንስ ለመካፈል የሚዋዋሉበት ስምምነት ተጀምሯል፤ ከገቡበት መካከል ኔቫዳ፣ ኦሃዮና ቨርጂኒያ አሉ። ሥራ ላይ የሚውለው ሰባት ስቴት ሲሞላ ነው። ሜሪላንድ ዳር ቆማ እያየች ነው። ግን ስምምነቱ የሚጠይቀው የትምህርት ሰዓት ስንት ነው? 625። ቨርጂኒያ ፈረመች፤ በራሷ ዝቅተኛ ሰዓት የተማረው የራሷ ላይሰንስ ያዥ ግን መስፈርቱን አያሟላም። እንግዲህ ቨርጂኒያ ኗሪ ሆናችሁ 750 ብትማሩ ከዚህም ትጠቀማላችሁ። ቨርጂኒያ ያለ ትምህርት ቤት ሁሉ 500 ብቻ ያስተምራል ማለትም አይደለም፤ ጠይቁ።

ከዲኤምቪ (ከዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) ውጭ ላላችሁ ባጭሩ ልበል። ቴክሳስ 500 ሰዓት ነው፤ ሰዓቱ ለየትኛው ትምህርት ስንት እንደሆነ ሕጉ ይደለድለዋል። ከኤምብሌክስ ሌላ የስቴቱን ሕግ የሚመለከት ፈተና አለ። ማመልከቻው 100 ዶላር ነው። ዳላስና ሂውስተን ተወልዳችሁ እዚያው ለምትኖሩ ይበቃል። ጆርጂያና ኮሎራዶም 500 ናቸው። ሲያትል ግን 625 ሆኗል፤ ከአትላንታ ወይም ከዴንቨር ወደዚያ ለመሄድ የምታስቡ እወቁት።

ካሊፎርኒያን የሚያደንቅ ብዙ ነው፤ ፈተና የለም ስለሚባል። እውነት ነው፤ የስቴት ላይሰንስ የላትም። 500 ሰዓት ከታወቀ ትምህርት ቤት ይዞ ለሄደ ሰርተፍኬት የሚሰጥ ምክር ቤት ነው ያለው። በሕጉ በፈቃደኝነት ነው ቢባልም ብዙ ከተሞች ያለ እሱ አያሠሩም። ወጥመዱ ሌላ ነው። ሎስ አንጀለስ ፈተና ሳይፈተን አሥር ዓመት የሠራ ሰው ቬጋስ ልሂድ ሲል ለኤምብሌክስ እንደ አዲስ ተማሪ አናቶሚ ያጠናል። እዚያ የምትማሩ፣ ባትጠየቁም ትምህርቱ ሳይረሳ ፈተናውን ተፈተኑት። 265 ዶላር ነው፤ ማለፋችሁ መዝገብ ላይ ይቀመጥላችኋል።

ኒው ዮርክ ለመሄድ ለቆረጠ ሰው 750ም አይበቃውም፤ እዚያ 1,000 ሰዓት ነው። እሱ እዚህ ጊዜውን አያጥፋ፤ መጀመሪያውኑ እዚያው ሄዶ ይመዝገብ።