የፓወር ስቶፕ ዜድ23 የፍሬን ኪት ለካምሪ፦ ሳጥኑ ውስጥ ያለውና የሌለው

በዲሲና በዙሪያዋ ባሉት የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ከተሞች ኡበር ወይም ታክሲ ለሚሠራ አበሻ ካምሪ ማለት አገር ቤት ቪትዝ ማለት ነው፤ ያልነዳው ቢኖር እንኳ ያልተሳፈረበት የለም። ፍሬኑ መጮህ ሲጀምርና የጋራዡ ዋጋ ሲያስደነግጥ ሰው ስልኩን አውጥቶ ዕቃ ይፈልጋል። ከሚመጡለት ሳጥኖች አንዱ ይሄ የፓወር ስቶፕ ዜድ23 ነው። ኢሊኖይ ያለ ኩባንያ ነው፤ ዲስኩንና ሸራውን አንድ ላይ አሽጎ ይሸጣል። እዚህ የምናየው ከ2007 እስከ 2011 ለተሠራው ካምሪ የሚሆነውን የፊት እግር ኪት ነው።

ሳጥኑ ሲከፈት ሁለት ዲስክ፣ አራት ሸራ (እዚህ ፓድ የሚሉት)፣ የማይዝጉ ክሊፖችና በትንሽ ከረጢት ግሪስ ይወጣል። ዲስኩ በዚንክ ተለብጧል፤ ለዚህ አካባቢ ትልቁ ጥቅሙ እሱ ነው። ክረምት መንገዱ ላይ ጨው ሲበተን ያልተሸፈነ ዲስክ ባንድ ወቅት ጠርዙና መሃሉ ቀይ ይሆናል፤ ቀጥሎ ለማውጣትም መዶሻ ያስፈልጋል። ዚንኩ ይህን ያዘገያል። ሸራው የሚያርፍበት ፊት ላይ ያለው ሽፋን ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተፍቆ ይጠፋል። አትደንግጡ፣ የታሰበው እንዲያ ነው።

ሸራው ሴራሚክ ነው። ቸርኬውን የሚያጠቁረው አቧራ ይቀንሳል፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው፤ ከኋላ ሰው ጭኖ ለሚውል ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የማያስደስተው ቀዳዳውና ቦዩ ነው። ዲስኩ ተበስቶና ተቦርቡሮ መምጣቱ ዓይን ይስባል እንጂ በቀን መቶ ጊዜ መብራት ላይ ለሚቆም ካምሪ የሚጨምረው የለም። ሙቀት የሚውጠው ብረቱ ነው፤ ቀዳዳ ማለት የጎደለ ብረት ማለት ነው። ቦዮቹ ደግሞ ፍሬን ሲያዝ ዝቅ ያለ ጉርምርምታ ሊያሰሙ ይችላሉ። ኩባንያው ራሱ ዜድ17 የሚለው ሌላ ኪት አለው፤ ዲስኩ ለስላሳ ነው፣ ፀረ ዝገት ሽፋኑም አለ። ለሥራ መኪና እኔ የምመክረው እሱን ነው። ዜድ23 መልኩን ለሚወድ ይሁን።

ከመግዛት በፊት ግን አሮጌውን ለኩት። የፊት ዲስኩ አዲስ ሲሆን ውፍረቱ 28 ሚሊሜትር ነው፤ 25 ሲደርስ ይጣላል። አዲስ ሸራ 12 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ቶዮታ እስከ 1 ሚሊሜትር ይፈቅዳል፤ 3 ላይ ሲደርስ መቀየር ግን ብልህነት ነው፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው። የውስጡ ሸራ አልቆ የውጩ ግማሹ ከቀረ ጥፋቱ የሸራው አይደለም፤ ካሊፐሩ (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ክፍል) የሚንሸራተትበት ፒን ተጣብቋል። ፒኑን ሳያስተካክሉ አዲስ ሸራ መግጠም ያው ገንዘብ መጣል ነው።

አሁን ሳጥኑ ውስጥ ወደሌለው እንምጣ። ብሬክ ክሊነር ሁለት ጣሳ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ክሪክ ብቻ ሳይሆን ጃክ ስታንድ (የተነሣውን መኪና ደግፎ የሚይዘው)፣ 14፣ 17 እና 21 ቁጥር መፍቻ፣ ሲ-ክላምፕ (የሲ ቅርጽ ያለው መጨመቂያ)፣ ቶርክ መፍቻ (በተለካ ኃይል የሚያጠብቀው)። የመጨረሻውን ለአንድ ቀን ሥራ መግዛት አያስፈልግም፤ አውቶዞንም ኦራይሊም መያዣ ተቀብለው ያውሳሉ፣ ስትመልሱ ገንዘባችሁን ትወስዳላችሁ። አፓርትመንት የምትኖሩ ደግሞ ውላችሁን አንብቡ፤ ፓርኪንግ ላይ መኪና መፍታት የሚከለክል ብዙ ነው።

አፈታቱ ረጅም አይደለም። የጎማውን ዳዶ መኪናው መሬት ላይ ሳለ በትንሹ አላሉ፣ ከዚያ አንሡት፣ ስታንድ ላይ አስቀምጡት። አንዱን ጎን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ሂዱ፤ ያልተፈታው ጎን ምሳሌ ይሆናችኋል። የካሊፐሩ ሁለት ቡሎኖች 14 ናቸው። ካሊፐሩ ሲወጣ በጎማ ቱቦው አይንጠልጠል፤ በሽቦ አድርጋችሁ የመኪናው ስፕሪንግ ላይ እሰሩት። ሸራውን የሚገፋውን የካሊፐሩን ፒስተን ወደ ውስጥ የምትመልሱት አሮጌውን ሸራ ደግፋችሁ በሲ-ክላምፕ ነው፣ ቀስ እያላችሁ። የፍሬን ዘይቱ ጣሳ ሞልቶ ከነበረ በዚህ ጊዜ ይፈስሳል፤ ቀለም ይበላልና ቀድሞ ትንሽ ቀድቶ ማውጣት ነው። መያዣ ብረቱን (ካሊፐሩና ሸራው የሚቀመጡበትን) የያዙት 17 ቁጥር ቡሎኖች ይጠነክራሉ፤ ረጅም እጀታ ያስፈልጋቸዋል። ዲስኩ ሃቡ (ዲስኩና ጎማው የሚታሰሩበት መዞሪያ) ላይ ተጣብቆ እምቢ ካለ በመዶሻ ከመደብደብ በፊት ፊቱ ላይ ያሉትን ሁለት ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች ፈልጉ። ባለ 8 ሚሊሜትር፣ 1.25 ጥርስ ቡሎን አስገብታችሁ ተራ በተራ ስታጠብቁ ዲስኩ ራሱ እየተገፋ ይወጣል።

እዚህ ላይ ነው ሥራው የሚበላሸው። ዲስኩ ከወጣ በኋላ ሃቡን ተመልከቱት፤ በዳዶ ማሰሪያዎቹ ዙሪያ እንደ ቅርፊት የተነሣ ቡናማ ዝገት ታያላችሁ። ጣታችሁን ስታሳልፉበት ይሻክራል። ቶዮታ ዲስኩ ሲዞር እንዲወላገድ የሚፈቅደው እስከ 0.05 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ከጸጉር ክር ያነሰ ማለት ነው። አንዲት የዝገት ቅርፊት ከዲስኩ ጀርባ ከቀረች ይህን ታልፋለች። የመጀመሪያ ቀን ምንም አይሰማም። ዲስኩ ግን በዞረ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ሸራውን እየነካ ይሄዳል፤ ከጥቂት ሺህ ማይል በኋላ ውፍረቱ እኩል መሆኑ ይቀርና ከፍ ባለ ፍጥነት ፍሬን ሲያዝ መሪው ይንቀጠቀጣል። ሰው ያኔ «ዲስኩ ጠመመ፣ ዕቃው ርካሽ ነበር» ይላል። ዕቃው አልነበረም። ሃቡ በሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያ በአሸዋ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ይፈተግ፤ በየማሰሪያው ሥር ያለችውን ቀለበት የምታህል ቦታ እንኳ አትዝለሉ። ለአንድ ጎን 10 ደቂቃ ይበላል።

ያው ዝገት መያዣ ብረቱ ላይም አለ። አሮጌዎቹን ክሊፖች ነቅላችሁ ከሥራቸው ያለውን ፍቁ፤ አለበለዚያ ዝገቱ አዲሱን ክሊፕ ያነሣውና ሸራው ይጨናነቃል። ሸራ ክሊፑ ውስጥ በእጅ ተገፍቶ መንሸራተት አለበት፤ መዶሻ ከጠየቀ አልተጸዳም ማለት ነው። የሸራው ጀርባ ላይ ድምፅ የሚከለክለው ልባስ ተለጥፎ ይመጣል፤ የአሮጌውን ሸራ ቆርቆሮ በላዩ አትደርቡ። ፒኖቹን ጠርጋችሁ በስሱ ግሪስ ቀቡ፤ የኪቱ ግሪስ ለዚህ ይሆናል። ተራ የኩሽኔታ ግሪስ ግን ላስቲኩን ያሳብጣል። ሁለቱ ፒኖች ብዙውን ጊዜ መንታ አይደሉም፤ አንዱ ጫፉ ላይ ላስቲክ አለው፣ ከየት እንደወጣ አስታውሱ። አዲሱን ዲስክ በብሬክ ክሊነር አጥባችሁ፣ ግራና ቀኝ የሚለውን ምልክት አይታችሁ ግጠሙ።

ቁጥሮቹ፦ መያዣ ብረቱ 79 ፉት-ፓውንድ (ቶርክ መፍቻው ላይ የሚሞላው የማጥበቂያ ልክ)፣ የካሊፐሩ ቡሎን 25፣ የጎማው ዳዶ 76፣ በኮከብ ተራ፣ ማለትም ጎን ለጎን ሳይሆን ፊት ለፊት እየተሻገሩ። 25ቷን ልብ በሉ። ከመያዣው ቡሎን ጎን ስለሆነች ሰው ያንኑ ያህል ይጎትታታል፤ ጥርሷ ይበላል ወይም ትቆረጣለች።

መኪናውን ከማንቀሳቀስ በፊት ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡ፣ እስኪጠነክር። ፒስተኑ ወደ ኋላ ተገፍቷልና የመጀመሪያው እርግጫ እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ ይህን የረሳ ሰው ከጎረቤት መኪና ጋር ይተዋወቃል።

ከዚያ አዲሱን ሸራ ከአዲሱ ዲስክ ጋር ማላመዱ አለ። ኩባንያው የሚለው ግልጽ ነው፦ በሰዓት ከ40 ማይል ወደ 10 ጠንከር አድርጎ 5 ጊዜ፣ ፈጽሞ ሳይቆሙና ሳያቀዘቅዙ፤ ቀጥሎ ከ35 ወደ 5 ለዘብ አድርጎ 5 ጊዜ። ከዚያ ፍሬን ሳይበዛ እየነዱ ማቀዝቀዝ። በጋለ ሰዓት ቆሞ ፔዳሉን ረግጦ መጠበቅ የሸራውን ቅርጽ ዲስኩ ላይ ያትማል። እሑድ ጠዋት መብራት የሌለበት ረጅም መንገድ ፈልጉ። ትንሽ የመቃጠል ሽታ ይኖራል። በቸርኬው መካከል ስታዩ የዲስኩ ፊት ዙሪያውን አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆነ ተላምዷል፤ ነጠብጣብ ወይም ግርፍ ካለበት በደንብ ይቀዝቅዝና ይደገም። ከ50 እስከ 100 ማይል በኋላ ዳዶዎቹን በዚያው በ76 አንድ ጊዜ ፈትሹ፣ ቶርክ መፍቻውንም ከዚያ በኋላ መልሱ።