ራን ፍላት ወይስ ተራ ጎማ? ክሪክና ስኮርታ ለሌላት ለሲ 5 ኮርቬት የትኛው ይሻላል

አሮጌ ሲ 5 ኮርቬት (የሼቭሮሌ የስፖርት መኪና አምስተኛ ትውልድ) ሊገዛ የሄደ ሰው የኋላውን መስታወት ከፍቶ ምንጣፉን ሲገልጥ የሚያገኘው ባዶ ወለል ነው። ስኮርታ የለም፣ ክሪክ የለም፣ የጎማ መፍቻም የለም። ብዙዎች የቀድሞው ባለቤት አውጥቶ የሸጠው ይመስላቸዋል። ነገሩ እንዲያ አይደለም፤ መኪናዋ ኬንታኪ ውስጥ ካለው የቦውሊንግ ግሪን ፋብሪካ ስትወጣም እነዚህ ዕቃዎች አልነበሯትም።

ምክንያቱ ጎማዋ ነው። ሼቭሮሌ ሲ 5ን ከእ.ኤ.አ. 1997 እስከ 2004 ሲሠራ በመደበኛዎቹ መኪኖች ላይ የጉድይር ኢግል ኤፍ 1 ኢኤምቲ ጎማ ገጠመ፤ ንፋሱ ወጥቶም መሄድ የሚችል፣ ራን ፍላት የሚባለው ዓይነት። ከሷ በፊት በነበረችው ሲ 4 ላይ ይህ ዓይነት ጎማ ከ1994 ጀምሮ ለፈለገ ሰው በተጨማሪ ክፍያ ይገኝ ነበር። በሲ 5 ግን መደበኛ ሆነና ስኮርታው ቀረ። ክብደቷ ቀነሰ፤ የኋላ መስታወቷ የሚከፈተው ኩፔ ከኋላ 700 ሊትር ገደማ ዕቃ የምትይዝ ሆነች።

ጎማው አዲስ፣ የንፋስ መለኪያውም ጤነኛ በነበረበት ጊዜ ይህ አሠራር ምንም አይጎድለውም ነበር። ዛሬ ግን የመጨረሻዋ ሲ 5 እንኳ ሃያ ዓመት አልፏታል። ጎማዋ ደጋግሞ ተቀይሯል፣ ምናልባት ሁለቱ ራን ፍላት ሁለቱ ተራ ሆነው ይሆናል፣ በቸርኬው ውስጥ ያለው መለኪያም ባትሪው አልቆ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገዢው አዲስ ውሳኔ ይጠብቀዋል፦ ራን ፍላቱን ይዞ መቀጠል ወይስ ተራ ጎማ ገጥሞ የጎደለውን ዕቃ ማሟላት?

ሁለቱንም በራሴ መኪና ሞክሬያቸዋለሁ። መኪናዬ የ2001 ኩፔ ናት፤ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው።

ራን ፍላት የሚሰጠውና የሚወስደው

የራን ፍላት ጎማ ምሥጢር ያለው በጎኑ ነው። የጎማው ጎን በወፍራምና ሙቀት በሚችል ጎማ ስለተጠናከረ፣ ንፋሱ ሲወጣ የመኪናውን ክብደት ራሱ ጎኑ ይሸከማል። ነገር ግን በተሸከመ ቁጥር ይተጣጠፋል፣ በተጣጠፈ ቁጥር ይግላል፤ የሚገድለውም ይህ ሙቀት ነው። የፍጥነትና የርቀት ገደብ የተቀመጠለት ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ኢኤምቲ ያለ ንፋስ በሰዓት 55 ማይል 200 ማይል ያህል እንዲሄድ የተሠራ ነበር። ዛሬ የሚሸጡት ብዙዎቹ ራን ፍላቶች ግን የሚፈቅዱት በሰዓት 50 ማይል ለ50 ማይል ብቻ ነው። የድሮውን ቁጥር ሰምተው ያንኑ የሚጠብቁ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ጎማ ሲገዙ የአምራቹን ገደብ ያንብቡ።

አንድ ሌሊት በሀይዌይ 81 ወደ ሰሜን ስመለስ ከሃሪሰንበርግ ትንሽ እንዳለፍኩ የዳሽቦርዱ ማስጠንቀቂያ በራ፤ የቀኝ የኋላ ጎማ ንፋስ ጨርሷል። መሪው ላይ ምንም አልተሰማኝም። ማስጠንቀቂያው ባይኖር በ70 ማይል እየበረርኩ እቀጥል ነበር። ፍጥነት ቀንሼ፣ የአደጋ መብራት አብርቼ፣ ብርሃንና ሰው ያለበት ነዳጅ ማደያ እስክደርስ ሄድኩ። ከባድ መኪኖች በሚያፏጩበት ጠባብ የመንገድ ዳር፣ በጨለማ፣ ተንበርክኮ ጎማ ከመፍታት መዳን ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የዚያን ሌሊት ገባኝ። ለዚህ ነው ራን ፍላትን በጅምላ ከሚያጥላሉት ጋር የማልስማማው።

ወጪው የመጣው በማግስቱ ነው። ቀዳዳው ትንሽ ነበር፤ ተራ ጎማ ቢሆንና ወዲያው ቢቆም ኖሮ ተለጥፎ ይድን ነበር። በባዶው ስለተነዳ ግን የጎኑ ውስጥ ተጎድቷል፤ ጎሚስታውም አልነካውም፣ ልክ ነበረ። በዚያ ቁጥር ራን ፍላት በእጁ ስላልነበረው ተልኮ እስኪመጣ ሦስት ቀን ጠበቅኩ። የሲ 5 ጎማ ከፊት 245/45 በ17፣ ከኋላ 275/40 በ18 ነው፤ በዚህ ቁጥር ራን ፍላት በየጎማ ቤቱ ተሰቅሎ አይገኝም፣ ሲገኝም ከተራው ይወደዳል። ጎኑ ደረቅ ስለሆነ ማስገባቱም ማውጣቱም ጠንካራ ማሽንና የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል፤ በጉልበት ሲሠራ ቸርኬው ይጫራል፣ የንፋስ መለኪያው ይሰበራል። በየዕለቱ ደግሞ መንገዱ ላይ ያለችው እያንዳንዷ ስንጥቅ እስከ ወገብ ትሰማለች።

ተራ ጎማ

ሼቭሮሌ ራሱ ለጥያቄው ሁለት መልስ መስጠቱን ማስታወስ ይጠቅማል። በ2001 ዜድ 06 የተባለችውን ፈጣኗን ሲ 5 ሲያወጣ ራን ፍላቱን ትቶ ተራውን ኢግል ኤፍ 1 ኤስሲ ገጠመላት። ጎማዎቹ ሰፋ ያሉ ሆነው ሳለ አራቱ ተደምረው ከኢኤምቲዎቹ 10 ኪሎ ያህል ቀለሉ። ስኮርታ ግን አሁንም አልተሰጣትም፤ በምትኩ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽና ትንሽ መንፊያ ተጨመረላት። የፋብሪካው መሐንዲሶች ለሩጫ ባሰቧት መኪና ላይ ራን ፍላትን መተዋቸው ብዙ ይናገራል።

ልዩነቱን እኔም ወዲያው ነው ያየሁት። ተራውን በገጠምኩ ቀን መኪናዋ ለሰለሰች፣ ጩኸቷ ቀነሰ፣ መታጠፊያ ላይም ጎማው አስፋልቱን ይዞ ሲቀጥል ተሰማኝ። ለምርጫም ይሰፋል፤ አንዱ ጎማ ቤት ቢያጣ ሌላው ያገኛል።

ጉድለቱ ግን ሚስማር የገባ ዕለት ይታያል። ተራ ጎማ ንፋሱ ሲወጣ ይተኛል፤ በዚያ ላይ ጥቂት መቶ ሜትር መንዳት ጎማውንም ቸርኬውንም ያበላሻል። ስለዚህ ተራ ጎማ የገጠመ ሰው ሦስት ነገር ይዞ ይሂድ፦ ከመኪናው ኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር፣ የቀዳዳ መድፈኛ ገመድና ወስፌው፣ እና ፒንሳ። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ መኪና ማቆሚያ ላይ ብሎን ገብቶብኝ በእነዚህ ሃያ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ጨርሻለሁ። ይህ ግን ጎሚስታ ጋ እስኪደርሱ ብቻ ነው። ትክክለኛው ጥገና ጎማው ከቸርኬው ወጥቶ ከውስጥ የሚደረግ መሰኪያና ልጣፍ ነው፤ እሱም የሚሠራው ቀዳዳው አስፋልት በሚነካው ገጽ ላይ ሲሆንና ከ6 ሚሊ ሜትር ሲያንስ ነው። ጎኑ የተቀደደ ጎማ በገመድም በፈሳሽም አይድንም።

ፈሳሹን በተመለከተ፣ እኔ የመጨረሻ አማራጭ ነው የማደርገው። የማብቂያ ቀን አለው፣ በውስጥ ያለውን መለኪያ ሊያበላሽ ይችላል፣ ጎሚስታውም ውስጡን አጥቦ እስኪጨርስ ሁለቱም ይማረራሉ።

ስኮርታ ቢገዛስ?

ይህን የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ሲ 5 ላይ ግን ለእኔ አያዋጣም። የፊትና የኋላ ጎማዋ አይተካካም፤ ቁመታቸውን ቢያሰሉት የኋላው ከፊተኛው በ25 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። አንድ ስኮርታ ለሁለቱም ልክ ሊሆን አይችልም፣ ከኋላ ቁመቱ የተለየ ጎማ ተገጥሞ ሩቅ ከተሄደ ደግሞ ዲፈረንሻሉ ይጎዳል። ከሌላ መኪና የተወሰደ ቀጭን ስኮርታም ብሎኖቹ የሚገቡበት ክብ ስፋቱ 120.65 ሚሊ ሜትር መሆን፣ የፍሬኑንም አካል ሳይነካ መዞር አለበት። ይህ ሁሉ ቢሟላ እንኳ የፈታነው ሰፊ የኋላ ጎማ ቦታ ይፈልጋል። በኩፔዋ ሻንጣ አውርዶ ይገባል፤ ጣሪያው በሚከፈተው መኪና ሁለት ሰው ከተቀመጠ አይገባም።

ክሪኩ፦ ገዢ የሚዘነጋው

የትኛውንም ጎማ ቢመርጡ መኪናዋ አንድ ቀን መነሳቷ አይቀርም። እኔ በሲ 5 ላይ ትልቁን ገንዘብ ያጣሁት በጎማ ሳይሆን በማንሳት ነው። አንድ ጎማ ቤት እንደ ማንኛውም መኪና ከበሩ ሥር ክሪክ ደገነና ልባሱ ቀጭ ብሎ ተሰነጠቀ። የሲ 5 አካል ቆርቆሮ አይደለም፤ ፋይበርና ፕላስቲክ ነው፣ ክብደት አይችልም።

የሚነሳበት ቦታ ከሥሯ ባለው የሻንሲ ብረት ላይ ነው። ከፊት ጎማዎች ኋላና ከኋላ ጎማዎች ፊት፣ በድምሩ አራት ሞላላ ቀዳዳዎች አሉ፤ መኪናዋ ከፋብሪካ ስትጫን የምትታሰርባቸው ናቸው። ለእነዚህ ቀዳዳዎች የሚሆን፣ ገብቶ የሚይዝ ክብ ትራስ ከጎማ ወይም ከአሉሚኒየም ተሠርቶ በአራት በአራት ይሸጣል። ክሪኩ ትራሱን ይገፋል፣ ትራሱ ሻንሲውን፤ ልባሱ አይነካም። ዋጋው ከአንድ ጎማ እጅግ ያንሳል። ሲ 5 የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ዕቃ ይህ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ አራቱን የእጅ ጓንት ማስቀመጫ ውስጥ አስቀምጦ ጎማ ቤት በሄደ ቁጥር በራሱ እጅ ይግጠማቸው። በዚህ አይፈር።

ከሥር በአግድም የተኛውን የፋይበር ባሌስትራ በክሪክ ፈጽሞ አይንኩ። ክብደት የለመደ ስለሚመስል ያታልላል፤ ነጥሎ የሚገፋ ኃይል ግን ይሰብረዋል።

የክሪኩን ዓይነት የሚወስነው ደግሞ የጎማው ምርጫ ነው። የፊት ጎማዋ ጎን ቁመቱ 11 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ተራ ጎማ ንፋሱ ሲያልቅ ከዚህ አብዛኛውን አጥቶ ይተኛል፣ አስቀድሞም ዝቅ ያለችው መኪና በዚያ በኩል መሬት ልትነካ ትደርሳለች። ጋራዥ ውስጥ ጎማው ተነፍቶ ሳለ በቀላሉ የገባ ክሪክ ያኔ አይገባም። ስለዚህ ለተራ ጎማ አፍንጫው ከ8 ወይም ከ9 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ዝቅተኛ ክሪክ፣ ከሱም ጋር መኪናዋ የምትወጣበት ወፍራም ሳንቃ ያስፈልጋል። ራን ፍላት ባዶ ሆኖም ቁመቱን ስለሚይዝ ይህ ችግር የለበትም። እንዲህ ያለ ክሪክ ከባድ ነው፤ ቤት ይቀመጥ። መንገድ ላይ የሚተካው በኢንሹራንስ ወይም በአባልነት የሚገኝ የመንገድ እርዳታ ነው፣ ሲደውሉም ጎትቶ የሚወስድ ሳይሆን አልጋው ላይ ጭኖ የሚወስድ መኪና እንዲልኩ ይንገሯቸው።

ቤት ውስጥ ሲሠሩ በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ሥር እጅም እግርም አይግባ፤ መደገፊያ እግር ይቁምላት። ሲመልሱ ዳዶዎቹ በቶርክ ቁልፍ 100 ፓውንድ ጫማ፣ ማለትም 140 ኒውተን ሜትር ይጠበቁ።

ለማን የትኛው

ሌሊት ብቻውን ወይም ብቻዋን ረጅም ሀይዌይ የሚነዳ ሰው፣ ጉልበቱ ወይም ወገቡ መንበርከክ የማይፈቅድለት፣ ስልክ በማይሠራበት ተራራማ መንገድ የሚመላለስ፣ ራን ፍላቱን አይልቀቅ። ዋጋው ይከፈል። አንድ ግዴታ ግን አለበት፦ የንፋስ መለኪያዎቹ መሥራት አለባቸው። ራን ፍላት ባዶ ሲሆን በመሪ አይታወቅም፤ መለኪያው የሞተበት ራን ፍላት ሹፌሩ ሳያውቅ በሙሉ ፍጥነት እየተቃጠለ የሚሄድ ጎማ ነው። እኔ ከእንዲህ ዓይነቱ ይልቅ ተራውን እመርጣለሁ፤ ተራው ቢያንስ ሲተነፍስ ይሰማል። ጎማ ሲቀየር መለኪያዎቹንም አብሮ መቀየር አንድ የእጅ ዋጋ ያድናል።

ከተማ ውስጥና በቅርብ ርቀት ለሚነዳት፣ ቅዳሜ ጠዋት ለደስታው ለሚያወጣት፣ ተራ ጎማ ከኮምፕሬሰርና ከመድፈኛ ገመድ ጋር የተሻለ ነው። እኔም አሁን በዚህ ነው የምሄደው።

ሊገዙ ሲሄዱ የእጅ ባትሪ ይያዙ። ሻጩ «አዲስ ጎማ ነው» ቢል የጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ ከሚለው ቀጥሎ ያሉትን የመጨረሻ አራት አሃዞች ያንብቡ፤ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ዐሥር ዓመት የሞላው ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ለዋጋ አይቆጠርም። አራቱም አንድ ዓይነት መሆናቸውን፣ ራን ፍላት ከሆኑም የኢኤምቲ፣ የአርኦኤፍ ወይም በሚሽሊን የዜድፒ ምልክት እንዳላቸው ይመልከቱ። መኪናዋን ትንሽ ነድተው የአራቱን ጎማ ንፋስ በዳሽቦርዱ ያውጡ፤ ትክክለኛው 30 ፒኤስአይ ነው፣ ቁጥር የማይሰጥ ጎማ ካለ መለኪያው ሞቶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ዝቅ ብለው ከበሩ ሥር ያለውን ልባስ ከጫፍ እስከ ጫፍ በባትሪው ያብሩት። ስንጥቅ ካለ ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ፣ ቁልፉንም ከመቀበልዎ በፊት አራቱን ትራሶች ይዘዙ።