እህል በረንዳ የተሸጠልኝ «የተፈጨ ፋጉሎ» ውስጥ ያለው ዩሪያ ነው

በሬ የምታደልቡ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ሁለትም ሦስትም ከብት አስራችሁ ከመርካቶ መኖ የምትገዙ ሁሉ፣ ይህን ሳታነቡ ለማንም ገንዘብ እንዳትልኩ። እህል በረንዳ ከዋናው መንገድ ገባ ካሉት መኖ ቤቶች በአንዱ «የኑግ ፋጉሎ፣ የተፈጨ፣ በላብራቶሪ የታየ» ተብሎ የተሸጠልኝ መኖ (ፋጉሎ ማለት ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ነው) ግማሽ ያህሉ እብቅና አሸዋ ነው። በዚያ ላይ የእርሻ ማዳበሪያው ዩሪያ ተቀላቅሎበታል። አንድ በሬ ሞቷል። ሌላው የተረፈው የእንስሳት ሐኪሙ ቶሎ ስለደረሰ ብቻ ነው።

አሻሻጡን ታውቁታላችሁ። ደላላው ከገበያው በኩንታል አምስት መቶ ብር ቀንሶ ይጠራል። ልጁ ቀጭኗን ብረት ከፊት ረድፍ ካለ ጆንያ ትከሻ ላይ ወግቶ ናሙና ያወጣል፤ መዳፍ ላይ ሲያፈሰው ጥቁር ነው፣ ቅባት አለው፣ ኑግ ኑግ ይሸታል። በላስቲክ የታሸገ የላብራቶሪ ወረቀት ይወጣል፦ ክሩድ (ጠቅላላ) ፕሮቲን 30 በመቶ። ገንዘቡ በስልክ ከተላለፈ በኋላ ጫኞቹ አይሱዙው ላይ የሚያወጡት ግን ከኋላ ረድፍ ነው። ለምን ሲባሉ «የፊቱ ለሌላ ሰው ተይዟል» ይላሉ።

ስለ ወረቀቱ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚታለለው በእሱ ነው። ወረቀቱ ሐሰት ላይሆን ይችላል። የተለመደው ምርመራ ፕሮቲኑን ራሱን አይለካም፤ መኖው ውስጥ ያለውን ናይትሮጂን ለክቶ በ6.25 ያባዛል። ዩሪያ ደግሞ 46 በመቶ ናይትሮጂን ስለሆነ በዚህ ስሌት አንድ ኪሎው ወደ 2.9 ኪሎ «ፕሮቲን» ሆኖ ይቆጠራል። እስቲ አስሉት፦ 45 ኪሎ ፋጉሎ 13.5 ኪሎ ገደማ ፕሮቲን ይሰጣል፤ 6 ኪሎ ዩሪያ ወረቀት ላይ 17 ኪሎ ይጨምራል። የቀረውን 49 ኪሎ እብቅ፣ ሰጋቱራና አሸዋ ሙሉት። ውጤቱ ከ30 በመቶ በላይ ነው፤ ልክ እንደ ደህና የኑግ ፋጉሎ። ዩሪያ ለብቻው እንዲመረመር ካልተጠየቀ ላብራቶሪው አያየውም።

አሁን ያንን መኖ ለበሬ ስጡት። 300 ኪሎ የሚመዝን በሬ በቀን 2 ኪሎ ፋጉሎ ቢበላ 120 ግራም ዩሪያ ዋጠ ማለት ነው። ዩሪያ ያልለመደ ከብት በአንድ ኪሎ ክብደቱ ከ0.3 እስከ 0.5 ግራም ሲያገኝ ሊመረዝ ይችላል፤ ለዚህ በሬ ይህ ከ90 እስከ 150 ግራም ነው። ከ1 እስከ 1.5 ግራም ከደረሰ ይገድላል። ሲቀላቅሉት ደግሞ በአካፋ ስለሆነ እኩል አይዳረስም፤ ከአንዱ ጆንያ ምንም የሌለበት፣ ከሌላው ሦስት እጥፍ የሆነ ሊወጣ ይችላል። ሳምንት ሙሉ በደህና የበላው በሬ ድንገት የወደቀው ለዚህ ነው።

በሬው ከሞተ በኋላ አንድ ያልተከፈተ ጆንያ ሱቁ ደጃፍ ላይ ወረደ። ሁልጊዜ እንደሚደረገው ከአፉ ሳይሆን ሆዱ ላይ በቢላ ቀደድኩት። ከላይ አንድ ክንድ የሚያህለው ጥቁር ፋጉሎ ነበር፤ ከዚያ በታች ግራጫ ዱቄት፣ በመሃሉ እንደ ጥቃቅን ዶቃ ክብ የሆኑ ነጫጭ ፍሬዎች። ባለሱቁ ጎንበስ ብሎ አየና «ጨው ነው» አለ። የጨው ፍሬ ማዕዘን አለው፤ ይሄ ድብልብል ነው። ከጎረቤት ሻይ ቤት ብርጭቆ ውሃ አስመጥቼ አንድ ጭብጥ የተለቀመ ነጭ ፍሬ ጨመርኩበት። ወዲያው ሟሟ፣ ብርጭቆውም ቀዘቀዘ። ዩሪያ ሲሟሟ ሙቀት ይስባል፤ ጨው እንዲህ አያቀዘቅዝም። «ያዘውና ንገረኝ» ስለው እጁን ኪሱ ከተተ።

ያኔ ነው ካሸሯ ከስልኳ ቀና እንኳ ሳትል «ጋሼ፣ ለበሬ እኮ ነው፤ እርስዎ አይበሉት» ያለችው። ጫኞቹ ሳቁ። ባለሱቁም ድፍረት አገኘና «መንግሥት ራሱ ገለባን በዩሪያ አክሙ ብሎ ያስተምር የለ? ምን አዲስ ነገር አለው?» አለኝ። ከሁሉም ያቃጠለኝ ይሄ ነው፤ የሚያውቅ ሰው ንግግር ነውና። ዩሪያ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚሰጥ ያውቃል። አውቆ ነው የሸጠው። በሬው የአንድ ቤት የዓመት ጥሪት እንደሆነም ያውቃል፤ ደንበኛው ሁሉ እንደዚያ ነው።

ገለባን በዩሪያ ማከም ትክክለኛ ሥራ ነው፤ ግን ልኬት አለው። ለ100 ኪሎ ገለባ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያ ከ80 እስከ 100 ሊትር ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ በየንብርብሩ እኩል ይረጫል፣ አየር እንዳይገባ በላስቲክ ታፍኖ 21 ቀን ገደማ ይቆያል፣ ከመሰጠቱ በፊትም ሽታው እስኪወጣ ይናፈሳል። ዩሪያው በዚያ ጊዜ ወደ አሞኒያ ተለውጦ ገለባውን ያለሰልሰዋል። በጥሬው በመኖ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ በጥቂት ተጀምሮ በሳምንታት ይለመዳል፣ ቶሎ የሚፈጭ ኃይል ሰጪ መኖ እንደ ሞላሰስ ያለ አብሮት ይሰጣል፣ ከጠቅላላው ደረቅ መኖ 1 በመቶ አያልፍም። ዋናው ነገር የሚሰጠው ሰው መኖሩን ማወቁ ነው። ሳያውቅ በላዩ ላይ በዩሪያ የታከመ ገለባ የጨመረ ሰው በሬውን በእጁ ገደለ ማለት ነው፣ ጥፋቱ ግን የሻጩ ነው።

ከብቱን ሲይዘው ምልክቱ ይሄ ነው፦ በልቶ ከ20 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ጆሮውና ፊቱ ይንቀጠቀጣል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ይንገዳገዳል፣ ግራ ጎኑ ይነፋል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ከዚያ ይወድቃል። ትልቁ ጨጓራ ውስጥ አሞኒያው ጉበት ሊያጠራው ከሚችለው በላይ ስለሚሆን ነው። ተርቦ የዋለና ገለባ ብቻ ሲበላ የከረመ ከብት ቀድሞ ይጎዳል። መኖውን ወዲያው አንሱና ሐኪም ጥሩ። ለትልቅ በሬ ከ20 እስከ 40 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ከ2 እስከ 6 ሊትር አቼቶ ጋር ይሰጣል፤ ቅዝቃዜው የአሞኒያውን መፈጠር ያዘገየዋል፣ አቼቶው ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል። ምልክቱ ከተመለሰ ይደገማል። የሚንቀጠቀጥ ወይም የተኛ በሬ አፍ ውስጥ በጠርሙስ አታፍስሱ፣ ሳንባው ይገባል፤ ሐኪሙ በቱቦ ይስጠው።

ስትገዙ ያልተፈጨ፣ ከመጭመቂያው እንደወጣ ቁርጥራጭ የሆነ ፋጉሎ ግዙ፤ ቁርጥራጭ ውስጥ አሸዋም ዩሪያም መደበቅ ይከብዳል። ቁርጥራጩን ስበሩና ውስጡን እዩ፤ የሻገተ ከሆነ ተዉት። በአዲስ አበባ ዙሪያ በወተት ላሞች መኖ ላይ በተደረገ ጥናት የአፍላቶክሲን ዋነኛ ምንጭ ሆኖ የተገኘው የኑግ ፋጉሎ ነው፣ ሻጋታውን በመፍጨት የሚደብቁም አሉ። የተፈጨ ከመግዛት ሌላ አማራጭ ከሌለ ጆንያውን እናንተ ምረጡ፣ ሆዱ ላይ ውጉት፣ አንድ ጭብጥ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምሩ። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፣ እብቅና ሰጋቱራ ይንሳፈፋል። ጥቂት መንሳፈፉ የኑጉ ልጣጭ ነው፣ አያስደንግጣችሁ።

ለዩሪያው ደግሞ ሁለት የሾርባ ማንኪያ መኖ ከአንድ ማንኪያ ያልተቆላ የአኩሪ አተር ዱቄት ጋር በለብ ያለ ውሃ አርሱና ግማሽ ሰዓት ከድናችሁ አቆዩት። ሲከፈት አፍንጫ የሚሰነፍጥ የአሞኒያ ሽታ ከወጣ ዩሪያ አለበት። የተቆላ አኩሪ አተር አይሠራም፣ ሥራውን የሚሠራው ኢንዛይም በሙቀት ይሞታል።

ደረሰኝ ላይ «የእንስሳት መኖ» ብቻ ብለው ከጻፉ አትቀበሉ፤ «የኑግ ፋጉሎ» ተብሎ ከነኪሎው ይጻፍ። እኔን መከራከሪያ ያሳጡኝ በዚያ ነው። ግድግዳቸው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብለው ቢለጥፉም፣ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ምትክ ወይም ገንዘቡን እንዲጠይቅ መብት ይሰጠዋል።

መኖው አሁን ቤታችሁ ካለ ለበግም ለፍየልም አትስጡት፣ በፉርሽካ አሳስቼ ልጨርሰው አትበሉ። ዝናብ ከማይደርስበት ቦታ ለዩት፣ ዩሪያው ታጥቦ ገንዳ ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ ከመኖው ይብሳል። ከየጆንያው መሃል ግማሽ ግማሽ ኪሎ ወስዳችሁ ደረቅ ላስቲክ ውስጥ እሰሩና ከደረሰኙ ጋር ወደ ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ይዛችሁ ሂዱ፤ ላብራቶሪ ስትወስዱትም ፕሮቲን ብቻ ሳይሆን «ዩሪያ ይለካልኝ» ብላችሁ አስጽፉ።