የመናገሻ ሱባ ደን፦ ለወጣቶች የአንድ ቀን የተራራ ጉዞ ምን ያህል ይመቻል?

ወጣቶችን ይዞ ተራራ የሚወጣ አስተባባሪ ቦታ ሲመርጥ፣ ከጫፉ ላይ የሚታየውን ከማሰቡ በፊት አንድ ልጅ መንገድ ላይ ቢደክም ወይም ቢታመም ከየት መመለስ እንደሚቻል ማወቅ አለበት። እኔ የመናገሻ ሱባን ደን የምመዝነው በዚህ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ወጣቶችን ይዤ ከወጣሁባቸው ቦታዎች መካከል በዚህ በኩል የሚወዳደረው አላገኘሁም።

ደኑ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በሰበታ በኩል ወደ 50 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ተጉዞ የሚደረስበት ሲሆን፣ የወጨጫን ተራራ ተዳፋት ሸፍኖ ይገኛል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጽድ ዘር ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት ሲነገር ይኖራል። ይህን ታሪክ ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ለልጆቹ መንገር ጠቃሚ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ምክንያቱም ግንዱን ሦስት ሆነው ሊያቅፉት የሚሞክሩት ጽድ የሰው እጅ ጭምር ያኖረው መሆኑን ሲሰሙ፣ ቅርንጫፍ መስበርና ቅርፊት መላጥ ያለ ቁጣ ይቆማል።

የደኑ ዋና ጥቅም አቀማመጡ ነው። ጉዞው የሚጀመርበት ግርጌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ዳሞቻ የሚባለው የወጨጫ ጫፍ ደግሞ 3,385 ሜትር ይደርሳል። በአንድ ቀን ወደ 1,000 ሜትር የሚጠጋ ዳገት መውጣት ለሠለጠነ ሰው እንኳ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ዳገቱ ደረጃ በደረጃ የተከፋፈለ ስለሆነ ሁሉም ልጅ እስከ ጫፍ እንዲደርስ የሚያስገድድ ነገር የለም። በታችኛው ክፍል ጽድ፣ ዝግባና ወይራ ጥላ ሠርተው ይቀበላሉ። ከፍ ሲባል ኮሶ ይበዛል፤ ወደ ጫፉ ሲጠጋ ደግሞ ዛፉ ያጥርና አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ይተካዋል፣ ነፋሱም በቀጥታ ሰውን ያገኛል። ለአስተባባሪ እነዚህ የዕፅዋት ለውጦች የማያሳስቱ ምልክቶች ናቸው። በእኛ ቡድን ደንቡ ኮሶው ከሚጀምርበት አካባቢ ስንደርስ ሁሉም ቁጭ ብሎ እንዲያርፍ፣ ከዚያም ለመቀጠል አቅም የሌላቸው ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር ተመልሰው በታችኛው ደን እንዲንሸራሸሩ ነው። የሚመለሱት ልጆች የተሸነፉ አይመስላቸውም፤ ብዙ ጊዜ ጉሬዛዎቹን በቅርበት የሚያዩት እነርሱ ናቸውና።

የአካባቢውን መንገድ መሪ መያዝ ግዴታ ባይሆን እንኳ እኔ ያለ እርሱ ልጆች ይዤ አልገባም። በመጨረሻው ጉዟችን የመራን ወጣት ከፊት ሆኖ አልሮጠም፤ ፍጥነቱን ከኋላ ለቀረችው ልጅ አስተካክሎ፣ ትንፋሿ ሲቆራረጥ ባየ ቁጥር አንድ ነገር ለማሳየት የቆመ መስሎ ሁሉንም ያቆም ነበር። አንድ ጊዜ በኮሶ ዛፍ ሥር አቁሞ ቀላ ያለውንና ተንጠልጥሎ የሚወርደውን አበባ አሳያቸው። አያቶቻቸው ለኮሶ ትል መድኃኒት ይጠጡት እንደነበር ሲነግራቸው፣ ስሙን እንጂ ዛፉን አይተው የማያውቁት ልጆች አበባውን እየተቀባበሉ አሸተቱ። ልጅቱ በዚህ መካከል ውኃ ጠጥታ አረፈች። «አይዞሽ እኅቴ፣ ተራራው የትም አይሄድም» ካላት በኋላ እስከ ላይ ድረስ አልቆመችም። ልጆችን መምራት ማለት ይህ ነው፤ ለዚህ አገልግሎት የሚከፈለው ገንዘብ አይቆጭም።

ምግብም ሆነ የመጠጥ ውኃ ከቤት ተሟልቶ መምጣት አለበት። ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ሊትር ውኃ፣ ዳቦ፣ ቆሎና ሙዝ ይበቃል፤ በጾም ወቅትም አያስቸግርም። ቆሻሻ መልሶ የሚወሰድበት ፌስታል አይረሳ።

ቅር ያሰኘኝ ነገር የመጣው ከደኑ ሳይሆን ከትራንስፖርት ነው። የተከራየነው አውቶቡስ ባለቤት እስከ ደኑ በር ሊያደርሰን ተስማምቶ ሳለ፣ ሾፌሩ ከአስፋልቱ ከተገነጠልን በኋላ «መኪናው ይጎዳል» ብሎ ቆመ። ልጆቹ ዳገቱን ሳይጀምሩ በፀሐይ ረጅም መንገድ ተጓዙ፤ የጠዋቱ ቀዝቃዛ ሰዓትም ባከነ። ስለዚህ የመድረሻው ቦታ በውሉ ላይ በጽሑፍ ይስፈር፤ ከክፍያውም የተወሰነው ክፍል እስከ መመለሻ ይያዝ።

ሰዓትን በተመለከተ ከአዲስ አበባ ከጠዋቱ 12 ሰዓት መነሳት፣ 7 ሰዓት ሲሆን ደግሞ ጫፉ በዓይን እየታየም ቢሆን መመለስ ያስፈልጋል። ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይልቅ ጉልበት ይፈትናል፤ በደን ውስጥም ብርሃን ቶሎ ይደክማል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉት ወራት ከሁሉም ይሻላሉ። በክረምት መንገዱ ጭቃ ይሆናል፤ በበልግ ወራት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ስለሚነሳ ዛፍ በሌለበት ጫፍ ላይ ከልጆች ጋር መገኘት አደገኛ ነው። ታች ፀሐይ እያለ ላይ ብርድ ስለሚሆን ሹራብና የዝናብ ልብስ ለማንም አይቀርም።

ዕድሜያቸው ከ13 ዓመት በላይ ለሆኑና መራመድ ለለመዱ ልጆች ሙሉውን ጉዞ ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ከዚያ በታች ላሉት የታችኛው ደን ብቻውን ሙሉ ቀን ይበቃቸዋል። ከዝቅተኛ ቦታ ወይም ከውጭ አገር ለዕረፍት የመጡ ልጆች ካሉ ደግሞ ከፍታው ራስ ምታት ሊያመጣባቸው ስለሚችል፣ አዲስ አበባ ጥቂት ቀናት ሰንብተው ቢሄዱ ይመረጣል።