የሱሉልታው ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ

ሞተር የምትነዱ ሁሉ፣ በተለይ ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ወደ ሱሉልታና ጫንጮ የምትመላለሱ፣ ይችን ጽሁፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ረዘም ትላለች። ግን ከብዙ ወጪና ከብዙ ንዴት ታድናችኋለች።

ምስጋናዬን ላስቀድም። ሱሉልታ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሚሠሩ አንድ የሞተር መካኒክ አሉ። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ስሜን አትጻፊ ስላሉኝ አልጽፍም። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎ።

አሁን ወደ ጉዴ ልግባ።

ሥራዬ ከብት ማዳቀል ነው። ከኋላዬ የናይትሮጅን ኮንቴይነር አስሬ ከመንደር መንደር እዞራለሁ። የኮርማው ዘር የሚቀመጠው እዚያ ውስጥ ነው። ፈሳሽ ናይትሮጅኑ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ነው። ከኋላዬ ያን ሁሉ ብርድ ተሸክሜ፣ ከሥሬ ሞተሬ ፈልታ መንገድ ዳር ስቆም ባልደረቦቼ በሳቅ ይሞታሉ። እኔን ግን አያስቀኝም።

ለምን መሰላችሁ? ላም ኮርማ የምትፈልግበት ሰዓት አጭር ነው። ምልክቱ ጠዋት ከታየባት ከሰዓት በኋላ መዳቀል አለባት። ማታ ከታየባት ደግሞ በማግስቱ ጠዋት። ያ ሰዓት ካለፈ እንደገና 21 ቀን ገደማ መጠበቅ ነው። ገበሬው ቀለቡን እያወጣ ቁጭ ይላል። ጥጃውም ወተቱም ይዘገያል። «ሞተሬ ሞቀችብኝ» ብሎ ነገር እሱ ዘንድ አይሠራም። እውነቱን ነው።

ሞተሬ ራዲያተር ያላት ናት። ባልደረቦቼ የሚነዱት ሲሊንደሩ ዙሪያ ክንፍ ክንፍ ያለውን፣ በነፋስ የሚቀዘቅዘውን ነው። የኔዋን የሚያቀዘቅዛት ውሃ ነው። ስገዛት «ጉልበት አላት፣ ዳገት አትፈራም» ተብዬ ነው። እውነትም አትፈራም ነበር፣ መፍላት እስክትጀምር ድረስ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ ቬንቲላተሩ፣ ራዲያተሩ ላይ ነፋስ የሚነፋው ማራገቢያ፣ አይዞርም፣ ተቃጥሏል አሉኝ። አዲስ ገዛሁ። ብዙም ሳትቆይ ፈላች። ቀጥሎ የሄድኩበት ደግሞ ቴርሞስታቱን፣ እንደ ሙቀቱ የውሃውን መንገድ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ዕቃ፣ ነቅሎ መሬት ላይ ወረወረው። «ይሄ የፈረንጅ አገር ዕቃ ነው፣ እዚህ ምን ያደርጋል» አለ። በኅዳር ጠዋት ሱሉልታን አይቷት የሚያውቅ አልመሰለኝም። ሜዳው ውርጭ ለብሶ ነጭ ሆኖ ያድራል። ሞተሬ አልሞቅ ብላ እየተንተፋተፈች ነዳጅ ትጠጣለች። ከሰዓት በኋላ ዳገት ላይ ደግሞ ትፈላለች። ሌላው ቴስታታውን፣ የሲሊንደሩን የላይ ክዳን፣ አውርዶ ከሥሩ ያለውን ማሸጊያ ጋስኬት ቀየረ። የዚያኛውን ሂሳብ ባላነሳው ይሻላል። አሁንም ሳስበው ያመኛል።

ከገንዘቡ በላይ ያንገበገበኝ ግን አነጋገራቸው ነው። አንዱ እኔን ትቶ አብሮኝ ለመጣው ታናሽ ወንድሜ ነበር የሚያስረዳው። ወንድሜ እኮ ሞተር አስነስቶ አያውቅም! ሌላው «እህቴ፣ ሴት ልጅ ይሄን ምን አስነዳት? ሽጪና ስኩተር ግዢ» አለኝ። ስኩተር! የክረምቱን ጭቃ አንድ ቀን ይዤው ብገባ ደስ ይለኝ ነበር። ስማቸውን አልጠራም፣ ሰፈራቸውንም አልናገርም። እንጀራቸው ነው። ልቦና ይስጣቸው።

ጋሼን ያገኘኋቸው ሞተሯን ልሸጣት ደላላ ማናገር በጀመርኩበት ሰሞን ነው። ከሱሉልታ ወዲያ ያለ አንድ ገበሬ ጠዋት ደውሎ ላሜ ኮርማ ፈልጋለች አለኝ። ከሰዓት በኋላ ኮንቴይነሬን አስሬ ዳገቱን ጨርሼ ከተማው ስገባ እንፋሎቱ ከፊት ጎማው ኋላ ቡፍ ብሎ ወጣ። ዓይኔ እንባ ሞላ። አንድ ሊስትሮ «ጋሼ ጋ እንውሰዳት» ብሎ ዕቃውን ትቶ ከኋላ ገፋልኝ። እሱንም እግዜር ያሳድገው።

ስንደርስ ረዳታቸው ጨርቅ ይዞ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ተጠጋ። «ተው! ፊትህን አትፈልገውም?» አሉት። ልጁ ወደኋላ ዘለለ። ትኩስ ራዲያተር ሲከፈት ውሃው ፊት ላይ ነው የሚፈነዳው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ልብ በሉ፣ ወደ እኔ! «ስትፈላ እየሮጥሽ ነው፣ ቆመሽ ነው ወይስ ዳገት ላይ?» አሉኝ። ዳገት ላይ፣ ከጭነት መኪና ኋላ ቀስ ብዬ ስሄድ ነው አልኳቸው። ይሄን ጥያቄ ከዚያ በፊት የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ቁጢጥ ብለው ከጎን ያለችውን የፕላስቲክ የውሃ መያዣ በጣታቸው ቆረቆሯት። እስከ አፏ ሞልታለች። «ሌሎቹም እሷን እያዩ ውሃ አላት ይሉኛል» አልኳቸው። ፈገግ አሉ። ያኔውኑ የገባቸው ነገር ነበር፣ ግን አልተናገሩም።

«እስክትቀዘቅዝ አንነካትም። አንቺ ወዴት ነበርሽ?» አሉኝ። የላሟን ነገር ነገርኳቸው። ኪሳቸው ገብተው የራሳቸውን ሞተር ቁልፍ አወጡ። «ላም አትጠብቅም፣ ሂጂ» አሉኝ።

መታወቂያ አልጠየቁኝም። ስልኬን እንኳ አልመዘገቡም። በሕይወታቸው አይተውኝ የማያውቁ ሰውዬ! ረዳታቸው ኮንቴይነሬን ፈትቶ እሳቸው ሞተር ላይ በጎማ ጠፍሮ አሰረልኝ። እሳቸው ደግሞ ጎማውን ጎተት አድርገው መጥበቁን አዩ። «የኋላ ፍሬኗ ትንሽ ትዘገያለች፣ ቀድመሽ ያዢ» ብለው ሸኙኝ። መንገዱን ሙሉ እያለቀስኩ ነው የነዳሁት። ላሟ ጋ በሰዓቱ ደረስኩ። በሦስተኛው ወር ስመረምራት ይዛለች። ገበሬው እስከ ዛሬ እኔን ነው የሚመርቀው። ምርቃቱ የጋሼ ነው፣ ይኸው አስተላለፍኩ።

ማታ ስመለስ ራዲያተሩ ተከፍቷል። ከጎን ያለችው መያዣ ጢም ብላ ሞልታ፣ ራዲያተሩ ግን ግማሽ ድረስ ባዶ ነው። ጋሼ ክዳኑን መዳፌ ላይ አስቀመጡት። ከሥሩ ያለችው ላስቲክ ደርቃ ተሰነጣጥቃለች። በጥፍሬ ስነካት ተፈረፈረች። አናቱ ላይ 1.1 የሚል ቁጥር አለ። ያን ያህል ባር ግፊት አፍኖ እንዲይዝ ነው የተሠራው።

«ውሃ ስንት ላይ ይፈላል?» አሉኝ። መቶ አልኩ፣ ተማሪ ሆኜ። «እሱ ባሕር ዳርቻ ነው። እዚህ ሱሉልታ 91 አካባቢ ላይ ይፈላል። ባቄላ እዚህ ለምን አልበስል እንደሚል መሰለሽ?» አሉኝ። ክዳኑ ግፊቱን ከያዘ ውሃው 110 ዲግሪ ቢደርስ እንኳ ሳይፈላ ይቆያል። ካልያዘ ግን ደጋ ላይ ቶሎ ይንተከተካል። ቬንቲላተሩ ደግሞ የሚነሳው ውሃው ወደ 100 ሲጠጋ ነው። እኔ ጋ ውሃው ቀድሞ ፈልቶ ይወጣል እንጂ እስከዚያ አይቆይም። ለካ ያ ተቃጥሏል ተብሎ የተጣለው ቬንቲላተር ደህና ኖሯል! አንጀቴ እርር አለ።

ሌላም ነገር አስረዱኝ። ውሃ ሲሞቅ ያብጣል። ትርፉ በክዳኑ በኩል ወደ ፕላስቲኳ መያዣ ይሄዳል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ደግሞ እዚያው ክዳን ላይ ባለች ትንሽ ቫልቭ ተስቦ ይመለሳል። የኔ ውሃ ይወጣል፣ አይመለስም። ለዚህ ነው መያዣዋ ሞልታ ራዲያተሩ የሚጎድለው። ስለ አንድ ሪሌይ የሚባል ነገርም ነግረውኝ ነበር። እሱ አልገባኝም፣ ጭንቅላቴን ነቅንቄ አለፍኩ።

ቴርሞስታት ካሮጌ ዕቃቸው መሃል ፈልገው አገኙልኝ። ዝም ብለው ግን አልገጠሙትም። ከሰል ላይ በቆርቆሮ ውሃ ጥደው ጨመሩት። ውሃው ከመፍላቱ በፊት ዓይኔ እያየ ቀስ ብሎ አፉን ከፈተ። «ሞተሩ እስኪሞቅ ይዘጋል፣ ሲሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር ይለቃል። ያለሱ ጠዋት ጠዋት ትሰቃያለሽ» አሉኝ። እየተሰቃየሁ እንደነበር ማን ነገራቸው?

ኩላንትም፣ የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ማለት ነው፣ በዲስቲልድ (በተጣራ) ውሃ በጥብጠው ሞሉልኝ። የጉድጓድ ውሃ ውስጡ ደለል ይሠራል፣ በውርጭም ሊረጋ ይችላል አሉኝ። ራዲያተሩ ላይ የደረቀውን ጭቃ በለስላሳ ብሩሽ አወረዱት። ላቫጆ ላይ በኃይለኛ ውሃ እንዳታስመቺው፣ ስስ ክንፎቹ ይተኛሉ ብለው አስጠነቀቁኝ። በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር ያላችሁም ስሙ፦ ለእናንተም ነው። በክንፎቹ መሃል ጭቃ ከደረቀ ነፋሱ አያገኘውም።

ሂሳብ ስል የክዳኑን፣ የኩላንቱንና የዲስቲልድ ውሃውን ዋጋ ብቻ ነገሩኝ። የእጅዎስ ስላቸው «ላሟ ከያዘች ወተት ታመጫለሽ» ብለው ሳቁ። ለምኜ ለምኜ ነው ትንሽ የተቀበሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ክረምቱም በጋውም አልፏል፣ ሞተሬ አንዴም አልፈላችም። ደላላው አሁንም ይደውላል። አላነሳለትም። እናቴ እንኳ፣ ሞተር ሲባል በሰማች ቁጥር የምታማትበው እናቴ፣ «እኚያን ሰውዬ ዳቦ ጋግሬ ካላየኋቸው» ብላ ይዣት ሄጄ ነበር። ከጋሼ ባለቤት ጋር ቡና ላይ ቁጭ ብለው አመሹ፣ እኔን ረስተውኝ።

እባካችሁ ሂዱላቸው። ቴስታታ አውርዱልኝ፣ ቬንቲላተር ቀይሩልኝ ከማለታችሁ በፊት ሂዱ። ሱሉልታ ስትደርሱ አስፋልቱ ዳር ያሉትን ሊስትሮዎች የሞተር ጋሼ የት ናቸው በሏቸው፣ ይወስዷችኋል። ያላገኛችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፣ አይሠሩም። ሞተራችሁ ሞቃ ከደረሳችሁ እስክትቀዘቅዝ ሻይ አዝዘው ያስጠብቋችኋል፣ አትቸኩሉባቸው። ሂሳብ ሲነግሯችሁ ደግሞ እንዳትከራከሩ፣ ከተከራከራችሁም ለመጨመር ይሁን።