ትሬሎ ለትንሽ ቡድን፦ ነጻው ይበቃል

ስራ በቴሌግራም ግሩፕ ለምትከፋፈሉ ሰዎች ነው ይሄን የምጽፈው። "ያ ሎጎ የት ደረሰ?" ይባላል፣ ሁሉም ዝም ይላል፣ አንዱ አውራ ጣት ይልካል፣ ሎጎው የት እንዳለ ግን አሁንም የሚያውቅ የለም። የኛን የዲዛይንና የህትመት ቡድን ከዚህ ጣጣ ያወጣው ትሬሎ የሚባለው የስራ መከታተያ መተግበሪያ ነው።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ቦርድ ትከፍታላችሁ፣ ዓምዶች ትደረድራላችሁ፣ እያንዳንዱ ስራ ካርድ ይሆንና ከ"ገና" ወደ "እየተሠራ"፣ ከዚያ ወደ "አለቀ" እየተጎተተ ይሄዳል። ሐሳቡ ካንባን ነው፤ የቶዮታው ታይቺ ኦኖ ለመኪና ፋብሪካ ያበጀው። እዚያ ቀጣዩ ክፍል በካርድ ካልጠየቀ ዕቃ አይመረትም። ብዙ ሰው ትሬሎ ላይ የሚዘለው ይሄንን፣ ማለትም በእጅ ያለውን ስራ መገደቡን ነው። ቦርዱን ያሳምራል፣ ባለቀለም መለያ ይለጥፋል፣ "እየተሠራ" ስር ግን አሥራ ምናምን ካርድ ያጭቃል። ያው የቴሌግራሙ ትርምስ ነው እንግዲህ።

ስለዚህ መጀመሪያ ሊስት ሊሚትስ የሚባለውን ፓወር አፕ (ትሬሎ ላይ የሚጨመር ተቀጥላ) አብሩ፣ ነጻ ነው። ለዓምዱ የካርድ ብዛት ጣሪያ ታስቀምጡለታላችሁ፣ ካለፈ ቀለሙን ይቀይራል። መከልከል ግን አይችልም። ቢከለክል ደስ ባለኝ፤ አለቃ "ይቺን ብቻ ጨምሯት" ሲል ቀለም አይመልሰውም።

እኛ ጋ ስራ በዘገየ ቁጥር የሚወቀሱት ዲዛይነሮቹ ነበሩ። ጣሪያው ሲገባ ግን ካርዱ ሁሉ ተከምሮ የተገኘው "የደንበኛ ማረጋገጫ" የሚለው ዓምድ ላይ ነው። ብሮሸር በሉት ቢዝነስ ካርድ፣ ናሙናው ይላካል፣ ደንበኛው "አየዋለሁ" ይላል፣ ከዚያ እዚያው ይተኛል። አሁን ጠዋት ጠዋት ቦርዱን የምናየው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፣ ማለትም ሊያልቅ የቀረበው ይቀድማል፤ አዲስ ስራ የሚነካው ለነዚያ ደንበኞች ተደውሎ ካበቃ በኋላ ነው። አንዳንዱ ደንበኛ ሲደወልለት ይናደዳል፣ ይናደድ።

ጉድለቱስ? ነጻው በ10 ቦርድና በ10 ሰው ይወሰናል። አንድ ፋይል ደግሞ ከ10 ሜጋባይት መብለጥ የለበትም፣ ለባነር ይሄ ቀልድ ነው፤ ፋይሉን ጎግል ድራይቭ ላይ አስቀምጡና ካርዱ ላይ ሊንኩን ለጥፉ። ወደሚከፈልበት ልለፍ ካላችሁ ዝቅተኛው ለአንድ ሰው በወር 5 ዶላር ነው፣ ያውም የዓመቱን ባንዴ ስትከፍሉ። አዲስ አበባ ተቀምጦ በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘት ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግራችሁም። አሥር ካልሞላችሁ ከነጻው አትነቃነቁ።