የላፒየር ሞርጎን፦ ቀዝቀዝ ብሎ የሚጠጣ ቀይ ወይን

ቀይ ወይን ጠጅ ሲባል ጠቆር ያለ፣ ከባድ፣ አፍ የሚያደርቅ መጠጥ የሚታሰበው ሰው የላፒየር ቤተሰብን ሞርጎን ሲቀምስ መጀመሪያ ግር ይለዋል። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ ሲያደርጉት በወዲያኛው በኩል የያዘው ጣት ይታያል። ሲጠጡት ግን ውሃ ውሃ አይልም። የቼሪና የእንጆሪ ጣዕሙ ምላስ ላይ ይቆያል፣ ጎምዘዝ ማለቱ ምራቅ ያመጣል፣ ከተዋጠ በኋላም ሁለተኛ ጉንጭ ያስፈልጋል። መካከለኛ ክብደት ያለው ቀይ ምን ማለት እንደሆነ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ጠርሙስ ማግኘት ይከብዳል።

የሚመረተው በፈረንሳይ፣ ከሊዮን በስተሰሜን ባለው የቦዦሌ አካባቢ፣ ቪሊዬ-ሞርጎን በምትባል መንደር ነው። የወይኑ ዝርያ ጋሜ ብቻ ሲሆን የሚበቅለውም በፈራረሰ ግራናይት አፈር ላይ ነው። ማርሴል ላፒየር የቤተሰቡን እርሻ እ.ኤ.አ. በ1973 ተረከበ፤ በ1981 ዡል ሾቬ ከተባለው የወይን ነጋዴና ኬሚስት ጋር ከተገናኘ በኋላ ግን የተገዛ እርሾና የተጨመረ ስኳር ትቶ የአያቶቹን አሠራር ያዘ። በ2010 ሲያርፍ ልጆቹ ማትዩና ካሚል ሥራውን ቀጠሉ።

ጥራቱ የሚወሰነው ገና ለቀማው ላይ ነው። ዘለላው በእጅ ይለቀማል፤ የበሰበሰው እዚያው ተለይቶ ይጣላል፤ ምክንያቱም ወይን እንዳይበላሽ የሚጨመረው ድኝ ሳይገባበት በሚፈላ ወይን ውስጥ ጥቂት የተበላሹ ዘለላዎች ገንዳውን ሙሉ ሊያሆመጥጡት ይችላሉ። የተለቀመው ፍሬ ከቀዘቀዘ በኋላ ሳይፈለፈል ከነዘለላው ወደ ገንዳ ይገባል። ታች ያለው በላዩ በተጫነው ክብደት ይፈርጥና ጭማቂው በፍሬው ላይ ባለው የተፈጥሮ እርሾ መፍላት ይጀምራል። ከፍላቱ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አየሩን ከገንዳው ያስወጣል። ከላይ ያለው ያልፈረጠ ፍሬ አየር ሲያጣ፣ እያንዳንዱ በገዛ ልጣጩ ውስጥ ሆኖ ይፈላል። ያ የትኩስ እንጆሪ ሽታ የሚመጣው ከዚህ ነው። ፍሬው ስለማይጨፈለቅ ከልጣጩና ከዘሩ የሚወጣው ታኒን፣ ማለትም አፍ የሚያደርቀው ነገር፣ ጥቂት ነው። ከ10 እስከ 20 ቀን ቆይቶ ይጨመቃል፤ ከዚያም ብዙ ዓመት ባገለገሉ በርሜሎች ከቀጭን አተላው ጋር 9 ወር ያህል ይተኛል። በርሜሉ አዲስ ቢሆን ኖሮ የእንጨትና የቫኒላ ጣዕም ይጫነው ነበር።

ጠጅ ጥሎ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ቅዝቃዜው ለምን እንዳስፈለገ ወዲያው ይገባዋል። ጋኑ ሞቃት ቦታ ላይ ከዋለ ፍላቱ ይቸኩላል፣ ሽታው ይጠፋል፣ ሆምጣጤነት ይቀድማል። ሞርጎንም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ጠርሙስ ውስጥ ከገባ በኋላም አደጋው አለማብቃቱ ነው።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ጠርሙሱ ላይ ያለውን ፊደል ፈልጉ። «ኤን» (N) ምንም ድኝ ያልተጨመረበት ነው፤ «ኤስ» (S) ደግሞ ጥቂት ድኝ የገባበት። ኤን ሲሳካለት ሽታው የበለጠ ክፍት፣ አፍ ውስጥም የበለጠ ለስላሳ ነው። ነገር ግን ከ14 ዲግሪ በታች ተጓጉዞ በዚያው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። ሙቀት ካገኘው የቀረው እርሾና ባክቴሪያ ይነቃሉ፤ ቡሹ ከፍ ይላል፣ ሽታው ወደ ሆምጣጤ ወይም ወደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ያደላል። ጠርሙሶቹን መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ ላይ ከሚደረድር ሱቅ ኤን አትግዙ። መደብሩ ቀዝቃዛ ክፍል ከሌለው ወይም ጠርሙሱ በበጋ በመኪና ረጅም መንገድ የሚሄድ ከሆነ ኤስ ይሻላል፤ የሚቀርበት ነገር ጥቂት ነው።

ድኝ በሌለው ወይን ሁሉ የሚያሰጋ ሌላም እንከን አለ፤ ፈረንጆች የአይጥ ጣዕም ይሉታል። ብርጭቆውን ስታሸቱት አይታወቅም። ከዋጣችሁ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ በኋላ፣ የወይኑ አሲድነት በምራቅ ሲበርድ፣ የአይጥ ጎጆ የመሰለ ሽታ ከጉሮሮ ይመለሳል። ስለዚህ ምግብ ቤት አስተናጋጁ ለቅምሻ ሲቀዳላችሁ አትቸኩሉ፤ ዋጡና ትንሽ ጠብቁ።

ጠርሙሱን ከመክፈታችሁ በፊት ጥቂት ሰዓት አቁሙት፤ ስላልተጣራ ደፍራሽ ሊሆን ይችላል፣ አተላም ይኖረዋል፣ ጉዳት ግን የለውም። ከክፍል ሙቀት ተነስቶ ፍሪጅ ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ፣ ወይም በረዶና ውሃ በሞላበት ባልዲ 15 ደቂቃ ያህል ሲቆይ 14 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። በ22 ዲግሪ ከቀረበ አልኮሉ አፍንጫ ላይ ይወጣል፣ ፍሬውም የተቀቀለ ይመስላል። ሲከፈት ምላስ ላይ ቸር ቸር ካለ የቀረ ጋዝ ነው፤ ወደ ማንቆርቆሪያ ገልብጣችሁ 20 ደቂቃ ብታቆዩት ይለቀዋል።

ከእኛ ገበታ ጋር ደግሞ እጅግ ይስማማል። በርበሬ ታኒኑን መራራ፣ አልኮሉን ደግሞ የሚያቃጥል ያደርገዋል፤ ከባድ ቀይ ከዶሮ ወጥ ጋር የሚጣላው ለዚህ ነው። ሞርጎን ታኒኑ ጥቂት ስለሆነና ቀዝቅዞ ስለሚቀርብ በርበሬውን አያባብሰውም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከለብ ለብ ክትፎ ጋር ነው፤ ጎምዛዛነቱ የንጥር ቅቤውን ቅባት ከምላስ ላይ ያነሳዋል። ሚጥሚጣውን ብቻ ቀነስ አድርጉ።

በዋጋው ለዕለት ተዕለት ገበታ የሚሆን ጠርሙስ አይደለም። ያው ቤተሰብ «ሬዛን ጎሉዋ» የሚል ቀለል ያለና ረከስ ያለ ጋሜም ይሠራል፤ ለብዙ እንግዳ እሱ ይበቃል። ሞርጎኑን ለአራት ሰው ክፈቱት፤ ከተረፈ ቡሹን መልሳችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት፣ ኤን ከሆነ በማግስቱ ጨርሱት።